ከዛፍ አናት ላይ የተወሰደ ከፍታ

በሽኝቴ ቀን የተነበበው ወረቀት «ያለ አንዳች ነቀፋ ያገለገሉ» ይላል። ያነበበችው የሰው ኃይል ሠራተኛዋ ነበረች፤ ምስኪን፣ የሰጧትን ነው ያነበበችው። አዳራሹ ሲያጨበጭብ አንገቴን ደፋሁ፤ ሰው ሆድ የባሰኝ መስሎት «አይዞሽ እትዬ ጽጌ» ይለኛል። ሆድ ብሶኝ አይደለም፣ ተናድጄ ነው። ያለ ነቀፋ ይሉኛል እንዴ! ከገደብ ከተማ በላይ ያለ የአንድ ቀበሌ ግማሽ ሕዝብ እስከ ዛሬ ጀሪካን ተሸክሞ ቁልቁል የሚወርደው በእኔ እጅ ነው። እዚያ ቁጭ ካሉት ውስጥ ይህን የሚያውቁ ቢያንስ አራት ሰዎች ነበሩ፤ አራቱም አጨበጨቡ።

የተወለድኩት ዲላ ነው፤ አባቴ ገበያው አጠገብ ልብስ ይሰፋ ነበር። በድራፍቲንግ ተመርቄ ነዳፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ለውሃና ለመንገድ ካርታ የሚሠራ ቤት ነው ብላችሁ ያዙት። ያን ጊዜ ሥራችን ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት ላይ በቀለም ብዕር ነበር፤ መስመር ከተሳሳተ በምላጭ ይፋቃል፣ ወረቀቱ ከተቀደደ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመራል። ደመወዙን አላነሳም፣ ያፈርኩበትም የኮራሁበትም ነገር አይደለም። አለቆችም ብዙ አየሁ። አንዱ ካርታ የሚወደው ግድግዳ ላይ ሲሰቀልለት ብቻ ነበር፤ ሌላው ወንዝን ከመንገድ ሳይለይ ዝውውር ደረሰው። ከሁሉም አንድም ነገር አልተማርኩም።

የተማርኩት ከጋሽ ዘለቀ ነው። ጋሽ ዘለቀ ቀያሽ ነበር፤ ቀጭን፣ ነጭናጫ፣ ባርኔጣውን ቤት ውስጥ እንኳ የማያወልቅ። ፍስሐ ገነት ከተማ ሲመደብ ነዳፊ ይዤ ካልሄድኩ ብሎ ሁለት ክረምት እኔን ይዞኝ ዞረ። ሴት ልጅ ጭቃ ውስጥ ምን ትሠራለች ያሉትን «የምትነድፈውን መሬት በእግሯ ትወቀው» ብሎ ዝም አሰኛቸው። የከፍታ መለኪያውን፣ ሌቭሉን፣ በሦስት እግሩ ላይ ተክሎ በመነጽሩ ያያል፤ እኔ ባለ ቁጥሩን ዘንግ ቀጥ አድርጌ ይዤ እቆማለሁ። ዘንጉ አንድ ጣት ከዘመመ ከወዲያ ማዶ ይጮህብኛል።

ልማዶቹን ልንገራችሁ፤ እኔን ያሳደጉኝ እነሱ ናቸውና። ከተነሳንበት ምልክት ለክተን ለክተን መጨረሻው ላይ ብንደርስም ሥራው አላለቀም፤ በሌላ መንገድ እየለካን ወደ መነሻው እንመለሳለን፣ የመነሻው ቁጥር ተመልሶ ካልመጣ የቀኑ ድካም ሁሉ ወደቀ ማለት ነው። ዝናብ ቢመጣ፣ ሾፌሩ ጥሩምባ ቢያቀልጥ ግድ የለውም። ዙሩ ሳይዘጋ ምሳ አይበላም፤ እኔንም አያስበላኝም። የተሳሳተ ቁጥር በላጲስ አያጠፋም፤ ባንድ ጭረት ሰርዞ ከጎኑ ይጽፋል፣ ስህተቱም እንዲነበብ። ያልለካነው ቦታ ላይ ጭረት ብቻ ያደርጋል። አንድ ቀን ዜሮ ጻፍኩና እርሳሱን ከእጄ ቀማኝ። «ዜሮ ቁጥር ነው» አለኝ፣ «አላውቅም ማለት ከፈለግሽ ጭረት አድርጊ።»

ከሁሉ በላይ የመጨረሻዋን ዓምድ ይወዳት ነበር። በየማስታወሻ ደብተሩ ጥግ ጠባብ ዓምድ ይሰምርና ላይዋ ላይ «እንዴት» ብሎ ይጽፋል። ከፍታው በሌቭል ተለክቶ ከሆነ «ለ»፣ ተገምቶ ከሆነ «ገ»፣ ሰው ነግሮት ከሆነ «ሰ»። ቁጥሩን ሁሉም ሰው ይጽፈዋል፤ እንዴት እንዳወቀው የሚጽፍ ግን ከእሱ ሌላ አላየሁም።

ከዚያ ኮምፒዩተር መጣ። አብረውኝ የነበሩት ነዳፊዎች አንድ በአንድ ወጡ። እኔ እልኸኛ ስለሆንኩ ከልጆቼ እኩያዎች ጋር ቁጭ ብዬ ተማርኩ። የወረቀቱን ካርታ ሁሉ፣ ምንጩን፣ የውሃ መስመሩን፣ ቦኖውን፣ ነጥብ በነጥብ እየተከተልኩ ወደ መረጃ ቋት አስገባሁ። ብዙ ዓመት ፈጀብኝ፤ ጋሽ ዘለቀም በመካከል ጡረታ ወጣ። ያስገባሁት ነገር ሁሉ ግን ጠፍጣፋ ነበር። እያንዳንዱ ነጥብ ወደ ምሥራቅ ይህን ያህል፣ ወደ ሰሜን ይህን ያህል ይላል እንጂ ምን ያህል ከፍ እንደሚል አይናገርም። የጌዴኦን አገር ያየ ሰው ይፍረደኝ፤ ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ለመሄድ መውጣትና መውረድ ያለበትን አገር እኔ እንደ ጠረጴዛ አስተኝቼ አስቀመጥኩት።

በስተርጅናዬ ኢንጂነር ብሩክ ኃላፊ ሆኖ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆንልኝ ይቀለኝ ነበር። ሰላምታው ደስ ይላል፣ ሰው ሲታመም ይጠይቃል። እንዲህ ሆኖ ሳለ አንድ ቀን ለአዲስ የውሃ ፕሮጀክት የመረጃ ቋቱ መስመሮች በሙሉ ከፍታ ይጨመርላቸው፣ ሰኔ ሠላሳ ሳይደርስ ይለቅ አለ። በጀት ሊዘጋ ነው።

መጀመሪያ ፕሮግራሙን ሦስተኛ ቁጥር ጨምር አልኩት፤ ባንድ ትእዛዝ ጨመረ። ከፍቼ ባየው ሁሉም ዜሮ ነው። ዜሮ ማለት የባሕር ወለል ነው፤ ፍስሐ ገነትም ገደብም ባንድ ጠዋት ባሕር ዳርቻ ወረዱ። ኢንጂነር ብሩክ ከት ብሎ ሳቀና ለጊዜው ይሁን፣ ዓምዱ ከተሞላ ይበቃል አለኝ። እምቢ አልኩ፤ ጋሽ ዘለቀ እርሳሴን የቀማኝ ለዚህ ነው ብዬ ኮራሁ። እዚያ ላይ በኮራሁት ልክ ኋላ አፈርኩ።

ሁለተኛው መንገድ ከሳተላይት የተሠራውን የከፍታ ምስል መጠቀም ነበር። ምስሉ አገሩን በትንንሽ አራት ማዕዘን ይከፋፍለዋል፤ እያንዳንዱ አራት ማዕዘን የራሱ ከፍታ አለው። ጠፍጣፋውን መስመር በላዩ ሲዘረጉት እያንዳንዱ ነጥብ ከሥሩ ያለውን ቁጥር ይወስዳል። ነጥቦቹ ከተራራቁ መስመሩ ሸለቆውን ዘሎ ያልፋል፤ ስለዚህ በየመሐሉ ነጥብ አበዛሁ። ቆንጆ አድርጌ ሠራሁት። ወንዝ ሽቅብ የሚፈስበት ቦታ አለ ወይ ብዬ አንድ በአንድ ፈለግሁ፤ ያገኘሁትን አስተካከልኩ።

ቀጥሎ ማረጋገጥ ነበረብኝ። በመኪና ወጥቼ ዘጠኝ ቦታ በጂፒኤስ ለካሁ። ጂፒኤሱ ሰማይ ካላየ አይሠራም፤ ዛፍ ሥር ይዘውት ሲገቡ እንደ ሰከረ ሰው ቁጥሩ ይዘባርቃል። ስለዚህ የለካሁት እንደ ሁላችንም ልማድ ገላጣ ቦታ ነው፤ የአስፋልቱ ዳር፣ የትምህርት ቤት ሜዳ፣ የገበያ ሥፍራ። ዘጠኙም ከሳተላይቱ ጋር ገጠመ። ከመኪናው ብዙም አልራቅሁም። ጉልበቴ ያመኝ ነበር፣ ዝናቡም ይዞናል፤ ይህን ሰበብ ብላችሁ ብትወስዱት አልቀየማችሁም።

እኔ ደግሞ የጋሽ ዘለቀን ዓምድ በኮምፒዩተሩም ውስጥ አኑሬያት ነበር፤ «የከፍታው ምንጭ» ብያታለሁ። ለዘጠኙ ነጥቦች «በመስክ የተረጋገጠ»፣ ለቀሩት በሺህ ለሚቆጠሩት «ከሳተላይት» ብዬ ሞላሁ። ኢንጂነር ብሩክ አየና ፊቱ ጠቆረ። የፕሮጀክቱ ሰዎች «ከሳተላይት» የሚል ካዩ አዲስ ቅየሳ ይጠይቃሉ፣ ቅየሳ ከተጠየቀ ሰኔ ሠላሳ ያልፋል፣ ፕሮጀክቱም ወደ ሌላ ዞን ይሄዳል አለኝ።

«እትዬ ጽጌ፣ ዘጠኙም ገጥሟል አይደል? ታዲያ የተረጋገጠ ነው በዪ።»

አልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ጻፍኩት፤ ኮምፒዩተሩ እስከ ታች ሞላው። «ከሳተላይት» የሚለው ቃል ከሺህዎቹ መስመሮች ላይ ጠፋ፣ ጭረት እንኳ አልቀረለትም። ማንም አላስገደደኝም፤ ሻይ እየጠጣሁ ነው የሠራሁት። በማግስቱ በስብሰባ ላይ በፍጥነቴ አመሰገነኝ፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

የፕሮጀክቱ ሰዎች ካርታውን ተቀብለው ለዚያች ቀበሌ የውሃ መስመር ነደፉ። ከላይ ካለው ምንጭ ውሃው በራሱ ወርዶ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይገባል፣ ከማጠራቀሚያው ደግሞ ወደ ስድስት ቦኖዎች ይወርዳል። ፓምፕ የለውም፤ ሁሉም የቆመው በከፍታው ልዩነት ላይ ነው። በእኔ ካርታ ላይ ማጠራቀሚያው የሚሠራበት ቦታ ከትምህርት ቤቱ ቦኖ አሥራ አራት ሜትር ይበልጣል። «በመስክ የተረጋገጠ» ስለሚል ሌላ ማንም አልለካም።

ቦታው የአቶ ጂግሶ ነበር። አቶ ጂግሶ የቀበሌው የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ ነው። መሬቱ ላይ አባቱ የተከላቸው ትላልቅ ዋንዛዎች ነበሩ፤ ከሥራቸው ቡና፣ ከቡናው መሐል እንሰት። በዚያ አገር ዛፍ መቁረጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጥላው ከሄደ ቡናው ይሄዳል። መሬቱን የሚሰጥበትን ስምምነት ስናስፈርም አብሬ ነበርኩ። ዛፎቹን ቀና ብሎ አይቶ፣ ውሃው ለሁሉም የሚደርስ ከሆነ ይቆረጡ አለ። ለሁሉም ይደርሳል አልነው። ሲቆረጡ ቀኑን ሙሉ ቤቱ ገብቶ ዋለ አሉ።

የምርቃቱ ቀን ሕዝቡ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። ንግግሩ አለቀ፣ ሪባኑ ተቆረጠ፣ ቦኖው ተከፈተ። ፉጨት ወጣ። አየር ነው፣ ይመጣል ተባለ። ከታች ያሉት አራት ቦኖዎች እየፈሰሱ ነው የሚል ወሬ ከቁልቁለቱ መጣና ሰዉ እልል አለ። የእኛ ግን ፉጨቱም ቆመ። አንዲት እናት ጀሪካኗን ገልብጣ ተቀመጠችበት። ተጋባዦቹ ምሳ ወዳለበት ሄዱ። እኔ ከቦኖው ፊት ቀረሁ፤ ማጠራቀሚያው ያለበት ቦታ ወለል ብሎ ይታየኛል፣ ዛፎቹ ሲቆረጡ እንዴት ዝቅ እንዳለ ያኔ ነው ያየሁት።

ዲላ ተመልሼ በቀጥታ ጋሽ ዘለቀ ቤት ሄድኩ። ነገርኩት። አልጋው ሥር ያለውን የድሮ ሌቭል አወጣ። ቅዳሜ በአውቶቡስ ገደብ፣ ከዚያ በእግር ወጣን፤ በሰባ ዓመቱ እንደገና ልጅ የሆነ ይመስል ከፊቴ ይሄዳል። እኔ ዘንጉን ያዝኩ። ከማጠራቀሚያው እስከ ትምህርት ቤቱ ለክተን፣ በሌላ መንገድ እየለካን ተመለስን፤ ምሳም አልበላን። ዙሩ ተዘጋ። ማጠራቀሚያው ከቦኖው በሁለት ሜትር ያንሳል።

ደብተሩን ዘግቶ፣ ሳተላይቱ ከላይ ሆኖ የሚያየው የዛፉን አናት እንጂ መሬቱን አለመሆኑን ነገረኝ። አውቀው ነበር እኮ። ኮርስ ላይ ተምሬዋለሁ፤ ግን ያስተማሩን ስለ ሌላ አገር ጫካ ነበር። ጌዴኦን ጫካ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ለእኔ ጓሮ ነው፣ ሰው ቤቱን ሠርቶ የሚኖርበት። ጓሮው ሃያ ሜትር ቁመት ያለው ጣሪያ እንዳለው የረሳሁት እዚህ ተወልጄ ስላደግሁ ነው።

«የተረጋገጠ ያለው ማነው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ዛሬውኑ ጻፊው። ስምሽን አድርጊበት።»

ሰኞ ለኢንጂነር ብሩክ ነገርኩት፤ በቃል። አዳምጦኝ በረዥሙ ተነፈሰ፣ በጽሑፍ አታድርጊው፣ ፓምፕ እናስገባለን፣ ነገሩ በዚያው ይፈታል አለ። ፓምፑ ለሚመጣው በጀት ዓመት ተያዘ፤ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ለሚመጣው ተላለፈ። እኔ ጡረታዬ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። በዲሲፕሊን ተባርሬ እጄን አጨብጭቤ መቅረቱን ፈራሁ። ፈራሁ ነው የምለው፤ ሌላ ስም የለውም።

ቀበሌው ግን መልስ ፈለገና ለራሱ አገኘ። ማጠራቀሚያው ያለው ጂግሶ መሬት ላይ ነው፤ ከሚፈሱት ቦኖዎች አንዱ ያለው ጂግሶ ደጃፍ ነው፤ ስለዚህ ውሃውን ወደ ራሱ የሳበው ጂግሶ ነው። ከኮሚቴው አወረዱት። ከሽምግልናውም አነሱት። ሰውየው ከገደብ አውቶቡስ ተሳፍሮ ዲላ መጣ፣ ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመ፤ ቦታውን የመረጠው እሱ ሳይሆን መሥሪያ ቤቱ መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ይሰጠኝ አለ። እንዲህ ላለ ጥያቄ የምንለውን ኢንጂነር ብሩክ አስቀድሞ ነግሮናል።

«ጉዳዩ እየታየ ነው» አልኩት።

ሦስት ጊዜ መጣ። ሦስቱንም ጊዜ እየታየ ነው አልኩት። በሦስተኛው አመሰግናለሁ ብሎኝ ሄደ። ጋሽ ዘለቀ በመሐሉ አረፈ፤ እስኪሞት ድረስ ጻፍሽው ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ሽኝቴ በተደረገ በሳምንቱ ገደብ ሄድኩ። ከከተማው በሞተር ሳይክል ወጣሁ። አቶ ጂግሶ ቤቱ ደጃፍ እንሰት ሲያጸዳ አገኘሁት፤ አስገባኝ፣ አስቀመጠኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት፤ ሳተላይቱን፣ ዘጠኙን ቦታ፣ የጻፍኩትን ቃል። አማርኛ ሲናገር ለሴትም ለወንድም «አንተ» ነው የሚለው።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ዲላ ስመጣ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ይቅርታ አድርግልኝ ልል አፌን ስከፍት እጁን አነሳና አስቆመኝ።

«ጡረታ ወጣህ?»

«ወጣሁ።»

«አሁን ማንም አይነካህም።» ስድብ አልነበረበትም፤ ነገሩን ሊረዳ ብቻ ነው የጠየቀው፤ ገባው። ቀጥሎ፣ ለእኔ አይደለም፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ና፣ ለእነሱ ንገር አለኝ።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እዚያ ዓይነት ቤት ገብቼ አላውቅም። እሑድ ሄድኩ። ሴቶች በቀኝ፣ ወንዶች በግራ ነው የሚቀመጡት፤ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ሰው በበር ቆሟል። አቶ ጂግሶ በወንዶቹ በኩል ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ለአራት ሰው የሚሆነው አግዳሚ ላይ ከእሱ ሌላ ሰው የለም።

የማስታወቂያው ሰዓት ሲደርስ አስጠሩኝ። ከሠፈር ልጆች በለመድኩት በተሰባበረ ጌዴኦኛ ነገርኳቸው። ቦታውን የመረጠው ጂግሶ አይደለም፣ የእኔ ካርታ ነው፤ ካርታው የለካው የዛፎቹን አናት ነው፤ የተረጋገጠ ብዬ የዋሸሁ እኔ ነኝ አልኩ። አዲሱ የኮሚቴ ሰብሳቢ በትሕትና ተነሳ፤ ለመምጣቴ አመሰገነኝ።

«እናታችን፣ ይህን የሚል ወረቀት አለ? ማኅተም ያለው?»

የለም አልኩ። ጡረታ እንደወጣሁ ነገርኩት። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ያ ማኅተም ሁለት ዓመት ሙሉ ከጠረጴዛዬ አጠገብ ነበር። ከሴቶቹ በኩል አንዷ፣ ውሃውስ መቼ ነው የሚመጣው ብላ ጠየቀች። አላውቅም አልኳት። ሰብሳቢው፣ ወረቀቱ ሲመጣ ጉዳዩ ይታያል ብሎ ተቀመጠ።

ሴቶቹ ዘንድ ቦታ አልነበረም። ሄጄ አቶ ጂግሶ አጠገብ ተቀመጥኩ። ትንሽ ጠጋ አለልኝ። ስብከቱ ረዥም ነበር፤ በር ላይ የቆሙት እስከ መጨረሻው ቆመው ሰሙት።